ጎማው ከወለቀ ሰበብ አይሰማም፦ የኦንታሪዮ ከባድ መኪኖች ጉዳይ

በካናዳ፣ በኦንታሪዮ የትራፊክ ሕግ ውስጥ 84.1 የምትባል አንቀጽ አለች። አጭር ናት፤ ግን ጨካኝ ናት። ከንግድ ተሽከርካሪ ወይም ከሚጎትተው ተሳቢ ላይ ጎማ ወልቆ መንገድ ላይ ከወጣ፣ ባለንብረቱና መኪናውን የሚያሰራው ድርጅት ጥፋተኛ ናቸው። አለቀ። «የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጌያለሁ» ብሎ መከራከር አይቻልም። ይህ መከላከያ እንደማይሆን ሕጉ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ቅጣቱ ከ2,000 የካናዳ ዶላር ይጀምርና እስከ 50,000 ይደርሳል።

ሌላው ሕግ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ፍሬን እምቢ ቢልህ፣ መኪናውን በወቅቱ ያስፈተሽክ መሆንህን አሳይተህ ልትከራከር ትችላለህ። እዚህ ግን ጎማው መሬት ላይ ከተገኘ ክርክሩ ያው ተዘጋ ማለት ነው። ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? መልሱ ግማሹ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ አንድ ዳዶ (ቡሎኑ ላይ ተጠምዝዞ ጎማውን የሚያስረው ብረት) እንዴት እንደሚጠብቅ ውስጥ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳው የኛ ሰው ብዙ ነው። አገር ቤትም የጅቡቲን መስመር የሚያመላልሱት ሹፌሮችና ረዳቶች በየመንገዱ ጎማ ይፈታሉ፣ ያስራሉ። ስለዚህ ዳዶው ላይ ትንሽ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

የ1995 ሞቶች

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1995 በደቡብ ኦንታሪዮ በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ሞቱ። ሁለቱም መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ ከከባድ መኪና የወለቀ ጎማ መጥቶ መታቸው። ከዚያ በኋላ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም «የሚበሩ ጎማዎች» የሚል ወሬ ያዘ። በአውራ ጎዳና የሚሄድ ሰው ከጎኑ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ጎማ እያየ መሳቀቅ ጀመረ።

ፍርሃቱ የተጋነነ አልነበረም። የከባድ መኪና አንድ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) ከነጎማው ከ80 እስከ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እያለ ከመኪናው ሲላቀቅ ፍጥነቱን ይዞ ነው የሚሄደው፣ መሽከርከሩንም አያቆምም። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ቀድሞት ይሄዳል። አንድ ነገር ሲነካ ይነጥራል፤ የመንገድ አካፋዩን ዘሎ ወደ ተቃራኒው መስመር ሊገባም ይችላል። ከፊት ለፊቱ በ100 የሚመጣ የቤት መኪና ካጋጠመው በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተጋጩ ያህል ነው። የቤት መኪና መስታወትና ጣሪያ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አልተሠራም።

ችግሩ በኦንታሪዮ ብቻ የታየም አልነበረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ1992 ስለዚሁ ጉዳይ ልዩ ጥናት አውጥቶ ነበር። በአሜሪካ በዓመት ከ750 እስከ 1,050 የሚሆን የጎማ መውለቅ በመካከለኛና በከባድ መኪኖች ላይ ይደርሳል ብሎ ገመተ። ዋና ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው ሁለት ነገር ነው፤ በትክክል ያልታሰረ ዳዶና የተበላ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው እንዲሽከረከር የሚያስችለው ውስጠኛ ክፍል። ይህ ጥናት የወጣው ሁለቱ ሰዎች ከመሞታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

በኦንታሪዮ ሕግ እንዲህ ዓይነት ሞት ሲያጋጥም የሞት መርማሪው ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች ሰብስቦ ጉዳዩን በይፋ ሊያሰማ ይችላል። ዳኞቹ ማንንም ጥፋተኛ አይሉም። ሥራቸው ሁለተኛ እንዳይደገም ምን ይደረግ የሚለውን መመለስ ነው። በሁለቱ ሞት ላይም ይኸው ተደረገ። ጎማ የሚያስሩ ሰዎች እንዲሰለጥኑና የምስክር ወረቀት እንዲይዙ፣ የመንገድ ላይ ፍተሻ እንዲጠብቅ፣ የድርጅቶች ተጠያቂነት ከፍ እንዲል መንገዱ የተጠረገው ያኔ ነው። በ1997 ክፍለ ሀገሩ ሰፋ ያለ የመንገድ ደህንነት ሕግ ሲያወጣ 84.1 አብራ ገባች።

«ጥብቅ አድርጌ ነበር ያሰርኩት»

ጎማ የወለቀበት ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ችግሩ «ጥብቅ» ስንል በጉልበታችን መለካታችን ነው፤ መኪናው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ቡሎኖቹ መኪናውን የተሸከሙት ይመስለዋል። አይደለም። በዘመናዊ ከባድ መኪና ላይ ቸርኬው የሚያርፈው ሃብ በሚባለው የመሃል ብረት ጫፍ ላይ ነው፤ መሃል ለመሃል የሚያስተካክለውም እሱ ነው። የቡሎኖቹ ሥራ ቸርኬውን ከሃቡ ጋር ጨምቆ መያዝ ነው። ጭነቱን፣ የፍሬኑን ጉልበት፣ የጉድጓዱን ምት የሚችለው በዚያ ጭምቂያ የተነሳ በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ጭምቂያው ሲቀንስ ቸርኬው በጣም ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው ቡሎኑ ላልተሠራበት ሥራ የሚጋለጠው። ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ብረት ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። አንዱ ይበጠሳል፣ ሸክሙ ለጎረቤቱ ይተላለፋል፣ እሱም ይከተላል።

ጭምቂያው ከየት ይመጣል? ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ እንደ ላስቲክ በጥቂቱ ይለጠጣል። የተለጠጠው ብረት ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ነው ቸርኬውን የሚጨምቀው። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው የ22 ሚሊ ሜትር ቡሎን በትክክል ከታሰረ እያንዳንዱ ከ15 ቶን በላይ ይጨምቃል። የአንዱን ጎማ አሥር ቡሎኖች ስትደምር ከጭነቱ ሁሉ ይበልጣል። መለጠጡ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። እሷን ትንሽ ልጠት ሊያጠፋ የሚችል ማንኛውም ነገር ጎማውን ሊያስወልቅ ይችላል። በቸርኬውና በሃቡ መሃል የቀረ ዝገት፣ ወፍራም ቀለም፣ ጭቃ፣ የአሸዋ ቅንጣት፣ ሁሉም። ዛሬ በመሃል ገብቶ ይጨመቃል፤ ነገ መኪናው ሲሄድ ይደቅና ይረግፋል። ቦታው ሲለቀቅ የቡሎኑም ልጠት አብሮ ይሄዳል። ዳዶው ግን አንድ ስንዝር አልዞረም! በዓይን ስታየው እንደታሰረ ነው።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ሰው የማይጠረጥረው እሱን ነው። መኪናው ሲታደስ ቸርኬው በደንብ ይቀባል፣ ያምራል። ቀቢውም ሁለት ሦስት እጅ ደራርቦ የሚቀባው ለጥራት ብሎ ነው። ዳዶው በሚያርፍበትና ቸርኬው ሃቡን በሚነካበት ቦታ ላይ ግን ቀለም ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ በላይ ባይወፍር ይመረጣል። አዲስ የተቀባ ቸርኬ ካሰራችሁ ቶሎ እንደሚላላ ገምታችሁ ተዘጋጁ።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ለዚህ ቡሎን የተለመደው የማጥበቂያ ልክ ከ610 እስከ 680 ኒውተን ሜትር ነው። የአውሮፓ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ 600 አካባቢ ናቸው፤ የአምራቹን ጽሑፍ ማየት ነው የሚሻለው። ቁጥሩን ወደ ሰው እንለውጠው። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ብረት ጫፍ ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቆም 690 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ይሄ ልኩን ትንሽ ያለፈ ነው። አሁን ረዳቱ ቧንቧ አስገብቶ መፍቻውን ወደ አንድ ሜትር ተኩል አስረዝሞ ቢቆምበት ከ1,000 ያልፋል። ቢዘልበትማ አይጠየቅ። ያኔ ቡሎኑ ከልኩ በላይ ይለጠጥና ወደ ቦታው የመመለስ አቅሙን ያጣል። በጣም የጠበቀ ይመስላል፣ በውስጡ ግን ሞቷል። ጎሚስታ ቤት ያለው የአየር መፍቻም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ሲሞላ አንድ ዓይነት፣ ሲጎድል ሌላ ዓይነት ያጠብቃል። ዳዶውን ለማስጠጋት ይጠቅማል፤ የመጨረሻውን ማጥበቅ ግን በቶርክ ሬንች፣ የሚያጠብቀውን ጉልበት በሚለካው መፍቻ ነው።

ቶርክ ሬንችም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ዳዶው ላይ ከሚያርፈው ጉልበት ገሚሱ ከዳዶው ሥር ባለው ሰበቃ ይባክናል። አርባ በመቶ ያህሉ ደግሞ በቡሎኑ ጥርስ ላይ ይቀራል። ቡሎኑን የሚለጥጠው የቀረው አሥር በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ጥርሱ የዛገ ከሆነ ሰበቃው ያቺን አሥርም ይበላታል። መሣሪያው «ጨርሻለሁ» ብሎ ቀጭ ይላል፣ ቡሎኑ ግን አልተለጠጠም። በዚህ ምክንያት ሃብ ላይ ለሚያርፈው ዘመናዊ ቸርኬ የቡሎኑን ጥርስ በሽቦ ቡሩሽ ማጽዳት፣ ጥርሱ ላይና በዳዶውና አብሮት በሚዞረው ሮንዴላ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ማድረግ ይመከራል። ዳዶው ቸርኬውን በሚነካበት ፊት ላይ ግን ዘይት አይደረግም። በአሮጌው ዓይነት፣ ዳዶው ሾጠጥ ብሎ ቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባበት፣ ደግሞ ጭራሽ ደረቅ ሆኖ ነው የሚታሰረው። አንዱን ከሌላው የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ግራ፣ ክረምት፣ ኩሽኔታ

የሚወልቀው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የግራው መሆኑ ሰውን ያስገርማል። በዛሬዎቹ መኪኖች በሁለቱም በኩል ያለው ዳዶ የሚጠብቀው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የላላ ጎማ ወደ ፊት ሲሽከረከር በቀኝ በኩል ዳዶውን ወደ ማጥበቂያው ይገፋዋል፤ በግራ ግን ወደ መፍቻው። ድሮ በግራ በኩል ጥርሱ የተገለበጠ ቡሎን ይገባ የነበረው ለዚህ ነበር። በትክክል ለታሰረ ጎማ ይህ ሁሉ ለውጥ አያመጣም። ለላላ ጎማ ግን ግራው ቀድሞ ይሄዳል።

በክረምት ነገሩ ይብሳል። አሉሚኒየም በብርድ ከብረት ይልቅ ይሰበሰባል። ሞቅ ባለ ጋራዥ ውስጥ የታሰረ የአሉሚኒየም ቸርኬ የካናዳ ውርጭ ላይ ሲወጣ ቀጠን ይላል፤ የቡሎኑም ልጠት በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ኩሽኔታው ሌላ ታሪክ ነው። ዘይቱን የሚያግደው ፓራኦሊዮ አፍስሶ ዘይቱ ካለቀ ኩሽኔታው ይግላል፣ ይበላል፣ በመጨረሻ ሃቡ ከነታምቡሩ (ከፍሬኑ ከበሮ) እና ከነጥንድ ጎማው ተያይዞ ይወጣል። ዳዶዎቹ ሁሉ እንደታሰሩ ናቸው። ሕጉ ግን ይህንንም አይለይም። ጎማ ወለቀ፣ ተቀጣህ።

ፍርድ ቤት

የትራንስፖርት ድርጅቶች ዝም አላሉም። ሁለት ተከሳሽ ድርጅቶች ጉዳዩን እስከ ኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ውሳኔው የተሰጠው በ2003 ነው። የድርጅቶቹ ክርክር ቀላል አልነበረም። አንድ ሰው ምንም ሳያጠፋ፣ ላለማጥፋቱም ማስረጃ እንዳያቀርብ ተከልክሎ መቀጣቱ የካናዳን የመብቶች ቻርተር ይጥሳል አሉ። ከጀርባቸው ጠንካራ ነገር ነበራቸው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 መከላከያ የማይቀበል ሕግና እስራት አብረው ሊሄዱ አይችሉም ብሎ ወስኖ ነበር።

ሕግ አውጪዎቹ ግን ይህን አስቀድመው አይተውታል። 84.1 ላይ እስራት የለም። ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ነው። ይግባኝ ሰሚውም ይህንኑ ይዞ የማንም ነፃነት አደጋ ላይ አልወደቀም፣ ጥፋተኛ መባሉም እንደ ወንጀለኛ የሚያስቆጥር አይደለም ብሎ አንቀጹን አጸናው።

እኔ በዚህ ሕግ ላይ ያለኝ ስሜት የተቀላቀለ ነው። የሕጉ መነሻ ሐሳብ በትክክል የታሰረና የተፈተሸ ጎማ ዝም ብሎ አይወልቅም የሚል ይመስለኛል። ከላይ ያየነው የብረቱ ሥራም ይህንን ይደግፋል። አንድ መኪና ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድርን ሰው ሳስብ ግን ይከብደኛል። ገንዘብ ከፍሎ ጎማ ቤት አሠራ። ጎማ ቤቱ ቸርኬውን ሳያጸዳ አሰረ። ቅጣቱ የሚመጣው በባለ መኪናው ስም ነው። ጎማ ቤቱን በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል፤ ጠበቃ፣ ጊዜ፣ ማስረጃ ግን ከየት? ትልቁ ድርጅት የራሱ ጋራዥና የራሱ ሠራተኛ አለው፤ ከተቀጣም አይሰበርም። ትንሹ ነው የሚጎዳው። በሌላ በኩል ግን ያቺ 50,000 ዶላር ባትኖር ኖሮ ማን ነበር ሥራውን አቁሞ ዳዶ የሚለካው?

ታዲያ እንዴት ይታሰር?

ሕጉን ለማምለጥ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጎማው አለመውለቁ። ሥራው የሚጀምረው ከማጽዳት ነው። የሃቡ ፊት፣ የቸርኬው ሁለት ፊት፣ ታምቡሩ፣ የቡሎኑ ጥርስ በሽቦ ቡሩሽ ይጸዳሉ። ቀዳዳው የሰፋ ወይም ሞላላ የሆነ፣ በቀዳዳው ዙሪያ የተሰነጠቀ ቸርኬ ይጣላል፤ ይህ ላይ መለመን የለም። አንድ ቡሎን ተበጥሶ ከተገኘ ከግራና ከቀኙ ያሉትም አብረው ይቀየራሉ፣ የእሱን ሸክም ሲችሉ የነበሩት እነሱ ናቸውና። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተበጠሰ ሁሉም ይለወጣል። ብዙ ቦታ አንዱን ብቻ ለውጦ መሄድ የተለመደ ነው። ሌላ ሰው ሊገድል የሚችለው ቁጠባ ይህ ነው።

ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ ይገባሉ። በእጅ እምቢ ያለ ዳዶ በአየር መፍቻ ከተገደደ ጥርሱን ይዞ ይጠፋል። ከዚያ ከላይኛው ዳዶ ተጀምሮ ወደ ትይዩው፣ እንደገና ወደ ማዶ፣ በኮከብ ቅርጽ እየተሻገሩ 70 ኒውተን ሜትር አካባቢ ድረስ ብቻ ይጠጋሉ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቸርኬው ሃቡ ላይ በደንብ መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል። በተርታ ዙሪያውን ያጠበቀ ሰው ቸርኬውን አጋድሞ ነው የሚያስረው። ከዚያ በዚያው ቅደም ተከተል በቶርክ ሬንች እስከ ሙሉው ልክ ይጠብቃል። ቶርክ ሬንቹም በየጊዜው መለካት አለበት፤ ወድቆ የተመታ ቶርክ ሬንች ዋሽቶ ያሳርፋችኋል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው እጁን ታጥቦ የሚሄደው። ኦንታሪዮ ውስጥ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና በቶርክ ሬንች ይፈተሹ ይባላል። እንግሊዞች ደግሞ ከታሰረ ከ30 ደቂቃ በኋላ ወይም ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይላሉ። ቁጥሩ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው። የቀረው አቧራና ቀለም በዚያ ርቀት ይደቃል፣ ብረቶቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ልጠቱ ይቀንሳል። እንደገና ማጥበቁ የመጀመሪያው ሰው ሰነፍ ነበር ማለት አይደለም፤ የሥራው ግማሽ ነው። ቶሮንቶ የታሰረ ጎማ ኪችነር ላይ፣ አዲስ አበባ የታሰረ አዳማ ላይ ይፈተሻል ማለት ነው። ሲፈተሽ መጀመሪያ አላልቶ አይደለም፤ በማጥበቂያው አቅጣጫ ብቻ። ዳዶው ከልኩ በፊት ከዞረ ላልቶ ነበር። ከአንድ በላይ ዳዶ ከዞረ ደግሞ ጎማውን አውርዶ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

በየጠዋቱ መኪናውን ሲዞሩ ደግሞ ዓይን ብዙ ነገር ይናገራል። ከዳዶው ሥር እንደ ጨረር የሚወርድ የዝገት መስመር፣ ዳዶው ዙሪያ የሚያብረቀርቅ የተፋቀ ብረት፣ ከመሃሉ የሚፈስ ዘይት፣ እነዚህ ካሉ አይነዳም። ዳዶ ላይ የሚሰካው ቢጫ የፕላስቲክ ቀስት ጥሩ ነው፤ ዳዶው ከዞረ ቀስቱ አቅጣጫውን ስቶ ይታያል። ቀስቱ የሚያሳየው ግን መዞሩን ብቻ ነው። ቀለም ደቅቆ ልጠቱ ከጠፋና ዳዶው ካልዞረ ቀስቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ያምራሉ።

ወረቀትም ይያዝ። ማን አሰረ፣ መቼ፣ በስንት ኒውተን ሜትር፣ ኪሎ ሜትሩ ስንት ላይ ነበር፣ ድጋሚው ፍተሻ የት ተደረገ። 84.1 ፊት ይህ ወረቀት ነፃ አያወጣም። በ2,000 እና በ50,000 መካከል የትኛው ይገባኛል ብሎ ለመከራከር፣ ወይም ጎማ ቤቱን ለመክሰስ ግን ከዚህ ሌላ የሚይዙት ነገር የለም።